ቁጭ ብሎ የተለካ ሳንባ



በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ጤና ጣቢያዎች ካርድ ክፍል በር ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው አንድ ዓይነት አቤቱታ ደጋግሞ ይሰማል። «ጉንፋኑ ለቀቀኝ፤ ሳሉ ግን ይኸው ሦስት ወሩ።» «ሜዳ ላይ ደህና ነኝ፤ ዳገት ስጀምር ያፍነኛል።» «ውኃ ቀድቼ ስመለስ ደረቴን ይዤ እቀመጣለሁ።» ሰውየው ይመረመራል። ራጁ ንጹሕ ነው። አክታው ከቲቢ ነጻ ነው። ጣቱ ላይ የተሰካችው መሣሪያ መልካም ቁጥር ታሳያለች። «ምንም የለብህም፤ ደህና ነህ» ይባላል። አንዳንዴም ለሦስተኛ ጊዜ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ዳገቱ መካከል ላይ እንደገና ቆሞ ያርፋል።

ዛሬ ላስረዳ የመጣሁት ሐኪሙም ታማሚውም እውነታቸውን ሊሆን እንደሚችል ነው። ምርመራው ደህና ነው፤ ሰውየውም ታሟል። ሁለቱ የተጣሉት ሳንባውን የለካነው ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጠን ስለሆነ ነው። እሱ የሚኖረው ግን ደጋ ላይ፣ ዳገት ላይና ጭስ ውስጥ ነው።

ቫይረስ ሳንባን ነክቶ ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት፣ ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ ብሎ የሚያውቀው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን መታ። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንንም ታመው ተርፈዋል። ከዚያ ዘመን የወረስነው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠልን፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለውን ነው። በነገራችን ላይ ያ ዕለት ለአስም ታማሚና ሳንባው ለደከመ ሰው በዓመቱ ካሉት ክፉ ቀናት አንዱ ነው። የደረት በሽታ ለማባረር የተጀመረ ጭስ መልሶ ደረት ሲያሳምም ማየት ያስገርማል። ታሪኩ የሞቱትን ይነግረናል። ከአልጋ ተነሥተው ዓመቱን ሙሉ እህል መሸከም ስላቃታቸው ሰዎች ግን ዝም ይላል።

ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነውም ከዚህ ብዙ አልራቀም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ተለየ፤ ሚሊኒየም አዳራሽም የሕክምና ማዕከል ሆነ። በየቀኑ የተመረመረ፣ የተያዘ፣ የሞተ፣ ያገገመ እየተባለ ቁጥር ይነበብልን ነበር። በይፋ የተመዘገበው 500,000 ገደማ ታማሚና ከ7,500 በላይ ሟች ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የድንገተኛ አደጋ ጊዜው ማብቃቱን አስታወቀ። ያገገሙት ውስጥ የተቆጠሩት ከማዕከል የወጡት ወይም ቫይረሱ ያልተገኘባቸው ናቸው፤ ዳገት መውጣት ይችሉ እንደሆን የጠየቃቸው አልነበረም። እዚህ ደጋ ላይ ደግሞ ብዙው ሰው ምርመራ ሳያገኝ ቤቱ ታሞ ቤቱ የዳነ ነው። ዛሬ ሐኪም ፊት ቀርቦ «ኮሮና ይዞህ ነበር?» ሲባል «ኧረ ብርድ ነው የመታኝ» ይላል፤ ታሪኩ እዚያው ይቋረጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ ከኮሮና በኋላ ለሚቀረው ለዚህ ሕመም መለያ አወጣለት። ኮሮና ከያዘው ከሦስት ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየና በሌላ በሽታ ሊገለጽ የማይችል ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሳል ወይም ሌላ ምልክት ነው። ድርጅቱ ከተያዙ 100 ሰዎች 6 ያህሉ ላይ ይህ እንደሚደርስ ይገምታል። ሌሎች ቫይረሶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ከተራ ጉንፋን ወይም ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ ሳል ከ3 እስከ 8 ሳምንት መቆየቱ የታወቀ ነገር ነው። የአየር ቧንቧው ግድግዳ ተልጦ እስኪሽር ድረስ ቀዝቃዛ አየር፣ ጭስና ሳቅ እንኳ ያስሉታል። በሕፃናት ላይ ደግሞ አዴኖ ቫይረስ የተባለው አልፎ አልፎ ትናንሾቹን ቧንቧዎች ለዘለቄታው አጥብቦ ይሄዳል፤ ኩፍኝም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። ኩፍኝ ደግሞ በክትባት የሚቀር ነው።

እስቲ አሁን ምርመራው ክፍል እንግባ። ስፓይሮሜትሪ ይባላል። አንዲት እናት ገብተው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። አፍንጫቸው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ አፋቸውን ከቱቦው ጋር አየር ሳይሾልክ ይገጥማሉ። ባለሙያዋ አጠገባቸው ቆማ ትጮኻለች። «ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ ሙሉ! አሁን ይንፉ! ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ! አያቋርጡ እማማ፣ ትንሽ ቀርቷል!» እኚህ እናት የመጀመሪያውን ያስሉበታል። ሁለተኛውን ግማሽ ላይ ያቆሙታል፤ ሰው ፊት እንደዚያ መንፋት ያሳፍራቸዋል፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። በሦስተኛው ይለምዱታል። ቢያንስ ሦስት ጥሩ ሙከራ ያስፈልጋል፤ የሁለቱ ምርጦች ልዩነትም ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። በመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ በጠቅላላው የተነፋው አየርና በመጀመሪያዋ አንድ ሴኮንድ የወጣው። በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የወጣው ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው፤ አስም ወይም የቆየ የጭስ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ጠቅላላው ራሱ ካነሰ ሳንባው ተኮማትሯል ብለን እንጠረጥራለን።

ከቫይረስ በኋላ ትንፋሽ የሚያጥረው አብዛኛው ሰው ግን በዚህ ምርመራ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱን ለመረዳት የአንጥረኛን ወናፍ አስቡ። ስፓይሮሜትሪ ወናፉ ስንት አየር እንደያዘና በምን ፍጥነት እንደገፋ ይነግረናል። ያ አየር ፍሙ ዘንድ ደርሶ እሳቱን ማንደዱን አይነግረንም። የሳንባ ፍም ያለው በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩት ጥቃቅን ከረጢቶች ግድግዳ ላይ ነው፤ ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው እዚያ ነው። ቫይረሱ ያንን ግድግዳ አወፍሮ፣ በዙሪያው ያሉትን የደም ሥሮች ነካክቶ ሲሄድ ወናፉ እንደ ድሮው ይሠራል። ይህን መሻገር የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በአገራችን ግን ከትልልቅ ማዕከላት ውጪ ብርቅ ነው።

ያ መሣሪያ በእጃቸው የነበረ የቻይና ሐኪሞች ምን እንዳገኙ እነሆ። ከውሃን ጂን ዪንታን ሆስፒታል የወጡ 1,733 ታማሚዎችን ከታመሙ ከስድስት ወር በኋላ ጠርተው መረመሩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። ከመቶው 76ቱ አንድ ወይም ከአንድ በላይ ምልክት ነበራቸው። እጅግ ጠንቶባቸው ከነበሩት የተለኩት መካከል ከግማሽ በላይ፣ 56 በመቶው፣ ኦክስጅን የማሻገር አቅማቸው ቀንሶ ተገኘ። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ሆስፒታል ተኝተው ኦክስጅን እንኳ ካላስፈለጋቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የተራመዱት ርቀት ከሚጠበቀው በታች ነበር። በሽታው ቀላል ነበር የተባለው ሰው እግሩ ሌላ ነገር ተናገረ።

አሁን ወደ ደጋችን። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ በየትንፋሹ የሚሰጠን ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ጉና ተራራ ላይ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ፣ ከዚህም ይብሳል። ደም ኦክስጅንን የሚይዝበት ልክ ደግሞ እኩል አይወርድም። ቆላ ያለ ሰው ሳንባው ጥቂት ቢደክም የደሙ ኦክስጅን እምብዛም አይነቃነቅም፤ ገና ብዙ ትርፍ አለው። ከፍታ ላይ ያለው ሰው ያንን ትርፍ አየሩ ራሱ ወስዶበታል፤ ስለዚህ ያችው ጥቂት ጉድለት ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ታወርደዋለች። ወረታ ሩዝ ማሳው ላይ ምንም ያልተሰማው ሰው ለገበያ ደብረ ታቦር ሲወጣ፣ ወደ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ መጥቷልና፣ መናኸሪያው ላይ ጭንቅ ቢለው አይግረማችሁ። ከዚህ ከፍ ባለችው ነፋስ መውጫ የሚኖር ታማሚ ይህን ጭንቅ ጠዋት ማታ ይዞት ይውላል።

በዚህ ላይ የእኛ ደገኛ ሰውነት የራሱ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ምሁርና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው ዓለምን ያስደነቀ ውጤት አወጡ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በማወፈር ከፍታን ሲቋቋሙ፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በዝቅተኛ ኦክስጅን ሲኖሩ፣ የእኛዎቹ ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን መጠናቸውም ከቆላ ሰው ብዙም አልራቀም። አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ ነበር። ይህ የሚያኮራ ነው፤ አንድ ነገር ግን ያስጠነቅቀናል። ሌላ አገር ለሌላ ሕዝብ የተጻፈ «ከዚህ ቁጥር በታች በሽታ፣ ከዚህ በላይ ጤና» የሚል መስመር እዚህ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ለሕፃናት ኦክስጅን መጀመሪያ የሚሆነውን ቁጥር ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን ከ90 ወደ 87 ዝቅ አድርጎታል። በተቃራኒውም፣ ድሮ 95 የነበረ ደገኛ ዛሬ 91 ቢሆን፣ «ለከፍታው መልካም ነው» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። እሱ ግን አራት ቁጥር አጥቷል።

የስፓይሮሜትሪውም መለኪያ እንዲሁ ታሪክ አለበት። መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ የሳንባ አቅም ከቁመት ጋር እንደሚሄድ አሳየ። ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ ሐኪም ያንኑ መሣሪያ ይዞ የጥቁር ሰው ሳንባ በተፈጥሮው ያንሳል ብሎ ጻፈ፤ ዓላማው ባርነትን ማጽደቅ ነበር። ከዚያ የዘር ማስተካከያ የሚባል ነገር በመሣሪያዎቹ ውስጥ ተቀብሮ ኖረ። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ዘርን ከስሌቱ ማውጣትን የመከረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በአገራችንም ሰዎች ዝም አላሉም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሲጋራ የማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶችን ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 ቶራክስ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አሳተሙ። ያ ሥራ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ወጣት ተመራማሪዎች ሆይ፣ የደቡብ ጎንደር ደገኛ የሳንባ ልክ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቢጠና ለማን ይጠቅማል ብላችሁ አትጠይቁ።

ታዲያ ውድ መሣሪያ በሌለበት ምን እናድርግ? ሰውየውን እናስነሣው። የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ ይባላል። የሚያስፈልገው 30 ሜትር ደልዳላ ኮሪደር፣ ሰዓትና ጣት ላይ የምትሰካው ኦክሲሜትር ብቻ ነው። ታማሚው በራሱ ርምጃ ይመላለሳል፤ ከደከመው ይቆማል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። የኦክስጅን መጠኑ ከመነሣቱ በፊት ስንት ነበር? ሲጨርስ ስንት ሆነ? ቁጭ ብሎ 94 የነበረው ሰው ተራምዶ 88 ላይ ቢገኝ ራጁ ምንም ይበል፣ ሳንባው ላይ ጉዳይ ሳይኖር አይቀርም። ቁጥሩ ሳይወርድ ልቡ እየሮጠ ትንፋሽ ካነሰው ደግሞ መንገዱ ወደ ሌላ ይወስዳል፤ የጡንቻ መድከም፣ የደም ማነስ፣ ልብ፣ ወይም ከሕመሙ በኋላ የተዛባ አተነፋፈስ። ኮሪደር ከሌለ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን ለአንድ ደቂቃ ማስደገምም ይረዳል።

ባለሙያዎች፣ ኦክሲሜትሯን ስትጠቀሙ ሁለት ነገር አደራ። የደብረ ታቦር ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ቀዝቃዛ ጣት ውሸታም ነው፣ አሙቁት። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ያለበትን ጣት ተዉትና ሌላ ፈልጉ። መሣሪያዋ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ የማሳየት ጠባይ እንዳላትም እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። እኔ የምወደው ዘዴ አብሮ የመጣውን ጤነኛ ወንድም ወይም እህት በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው መሣሪያ መለካት ነው። ያው ከፍታ፣ ያው ቆዳ፣ ያው ብርድ። ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታያል።

ደግሞ ሁሉን ነገር በኮሮና ላይ እንዳናላክክ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው በመጀመሪያ ለቲቢ መመርመር አለበት፤ ይህ በኢትዮጵያ ድርድር የለውም። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የሌሊት ላብ፣ የኪሎ መቀነስ፣ የእግር እብጠት ካለ አትዘግዩ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ የልብ ቫልቭዋ የተጎዳ ወጣት ሴት ዳገት ሲያቅታት «ከጉንፋን የቀረ ነው» ስትባል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሌሊት የሚያፍንና ፊሽካ የሚያሰማ ደረትም አስም እንደሆነ አስቡ፤ አስም የሚታከመው በሚሳብ መድኃኒት ነው። ይህን የሚሳብ መድኃኒት «ከለመዱ አይለቅም» እያሉ መፍራት ስንቱን ጎድቷል!

ወጥ ቤቱን ሳልነካ ባልፍ ዲስኩሬ ጎደሎ ይሆናል። የደጋ ቤት ለብርድ ብሎ ይዘጋል። ሦስት ጉልቻ ላይ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነዳል፤ እንጀራ ሲጋገር ደግሞ እናት ምጣዱ ላይ አጎንብሳ፣ ሕፃኑም ጀርባዋ ላይ ነው። ከሕመም የተነሣ ሳንባ በዚያ ጭስ ውስጥ አይሽርም። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭሱ መውጫ ካልተበጀለት ግን ቤቱ ውስጥ መዋሉ አይቀርም። ጭስ ማውጫ ማበጀት ካልተቻለ በር መክፈት፣ ማገዶ አድርቆ ማንደድ፣ ቢቻል ለታመመችው እናት ለጥቂት ወራት ሌላ ሰው እንዲጋግርላት ማድረግ ያስፈልጋል። ባሎች ሆይ፣ የምትሰሙኝ ይመስለኛል። በባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠንንም እኔ አልመክርም፤ የተቆጣ ቧንቧን ይበልጥ ያስቆጣል፣ የፈላ ውኃ ያቃጠለውም ብዙ ነው። ማርና ዝንጅብል ግን ጠጡ፤ ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር እንዳትሰጡ እንጂ።

ለቫይረስ ቅሪት አንቲባዮቲክ አይሠራም። ሐኪም ሳያዝ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን የምትገዙ፣ ገንዘባችሁን ነው የምትጥሉት። የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፤ በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን አሹሎ በዝግታ ማውጣት፣ ሲያፍን ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ክንድን ጉልበት ላይ ማሳረፍ፣ በደልዳላ መሬት ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ ይሻለዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዛሬ ጉልበቱን ሰብስቦ ሠርቶ ነገና ከነገ ወዲያ አልጋ ላይ የሚወድቅ ሰው ካለ «በርታ» አትበሉት፤ ለእንዲህ ያለው ሥራውን ከፋፍሎ ማረፍ እንጂ መግፋት አይበጀውም። አጨዳ ላይ ቢያርፍ ሰነፍ አትበሉት።

አገራችን በዚህ ሙያ የጀመረችው ዘግይታ ነው። የሳንባ ስፔሻሊስት አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን መማር የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ስለዚህ የደቡብ ጎንደር ሕዝብ ስፔሻሊስት እስኪደርሰው የሚያየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ ነርሱንና ጠቅላላ ሐኪሙን ነው።

ታማሚዎች፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ደረቴን ያመኛል» ብላችሁ አታቁሙ። ከመታመማችሁ በፊት ምን ትሠሩ እንደነበር ንገሩ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ስንት ቦታ ታርፉ ነበር፣ አሁንስ? በስግደት ጊዜ ስንት ትሰግዱ ነበር፣ አሁንስ? ጭስ ውስጥ ስንት ሰዓት ትውላላችሁ? ባለሙያዎች፣ እናንተም ካርዱ ላይ «ደህና ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ስድስት ደቂቃ ስጡት። አስነሥታችሁ አራምዱት፣ ከመነሣቱ በፊትና ከተራመደ በኋላ ያለውን ቁጥር ጻፉት፣ ከሦስት ወር በኋላም መልሳችሁ ጥሩት።